ሁለት ምድጃ በአንድ ቆርቆሮ

ደብረ ማርቆስ ላይ ለጥገና ሙያ ሰልጣኞች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ

በመጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ እዩት። ክዳኑ ተነሥቷል። ሶኬት ላይ አልተሰካም። መሰኪያውን ከፊቴ ያስቀመጥሁት ሁላችሁም እንድታዩት ነው። ጀርባዬን ስሰጥ አንድ ሰው ተነሥቶ «አልተሰካም እንዴ?» ብሎ እንዳይሰካልኝም ነው። ደግ ሰው አይጠፋም። እኛ ሙያ ውስጥ ደግሞ ብዙ አደጋ የሚመጣው ከደግ ሰው ነው።

ከትናንት ማታ ጀምሮ ተነቅሎ ነው ያደረው። እንደዚያም ሆኖ እጄን ወደ ውስጥ አላስገባሁም። ለምን እንደሆነ ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

ዕቃው የመጣው ከአንድ ሆቴል ነው። ጥምር ምድጃ ነው። ማይክሮዌቭም ነው፣ በትኩስ ነፋስ የሚጋግር ኮንቬክሽን ኦቨንም ነው፣ ከላይ የሚግል ግሪል አለው። ቅሬታቸው አጭር ናት፤ «ያሞቃል፣ ዳቦ ግን አይጋግርም»። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶታል። በምን አወቅሁ? በብሎኖቹ። ሰባት መሆን ሲገባቸው አራት ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ የሌላ ዕቃ ብሎን ናቸው። ከእናንተ በፊት የተከፈተ ዕቃ ሲመጣላችሁ ብልሽቱን ብቻ አትፈልጉ። የፊተኛውን ሰው ሥራም ፈልጉ።

ስለ ማይክሮዌቭ ሲነሣ ሰው የሚፈራው ጨረሩን ነው። ለእናቴ አንድ ትንሽ ማይክሮዌቭ ወስጄላት ነበር። ታበራዋለች፣ ከማድ ቤት ትወጣለች፣ በረንዳ ላይ ትቆማለች። ሲጮኽ ትመለሳለች። «ሰው ያቃጥላል ሲሉ ሰምቻለሁ» ትላለች። ይህችው እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣዷ ገመድ ተልጦ መዳቡ እየታየ፣ እጇ በሊጥ ርሶ ስትጋግር ትውል ነበር። ገመዱን የቀየርሁላት ተጣልተን ነው። የኔ ንግግር በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ተጠቃሚው የማያሰጋውን ይፈራል፤ ጠጋኙ ደግሞ የሚያሰጋውን አይፈራም።

ጨረር የሚለው ቃል ራጅን ያስታውሰናል። የዚህ ዕቃ ሞገድ ግን የራጅ ወገን አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ ዘመድ ነው። ያሞቃል፣ በዚያው ያበቃል። ምግቡ ውስጥም ተደብቆ አይቀርም። አምፖል ስታጠፉ ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል? ይህም እንደዚያው ነው።

የሞገዱ ምንጭ ይህቺ ናት፤ ማግኔትሮን። ለማብሰያ አልተፈጠረችም። እ.ኤ.አ. በ1940 እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የሚባሉ ሁለት ሰዎች ለራዳር የሚሆን ኃይለኛ ማግኔትሮን ሠሩ። ጊዜው ጦርነት ነበር፤ የጠላት አውሮፕላን መፈለጊያ ነው። በ1945 ሬይቲዮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መሐንዲስ ፐርሲ ስፔንሰር በምትሠራ ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ቀለጠበት። ሌላ ሰው ቢሆን ሱሪው መበላሸቱን ብቻ ያይ ነበር። እሱ ምድጃ አየ። በ1947 ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ምድጃ ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱ 340 ኪሎ ገደማ ነበር። ሦስት ኩንታል ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጤፍ በሉት። ሾርባ ለማሞቅ!

እንዴት እንደምትሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። መሃሏ ላይ የምትግል ሽቦ አለች። ለዚህች ሽቦ የሚመጣው ቮልት ትንሽ ነው፤ 3 ገደማ። አምፔሩ ግን 10 ይደርሳል። ስትግል ኤሌክትሮን ትለቃለች። ወደ 4,000 የሚጠጋ ቮልት ኤሌክትሮኑን ወደ ዳር ይስበዋል። ከላይና ከታች ያሉት ማግኔቶች ደግሞ ቀጥ ብሎ እንዳይሄድ ያጣምሙታል። እየዞረ፣ በዙሪያው በተቀረጹት ባዶ ጓዳዎች አፍ ላይ ያልፋል። የባዶ ብርሌ አፍ ላይ አግድም ነፍታችሁ ታውቃላችሁ? ብርሌው ያፏጫል። የማግኔትሮን ጓዳዎችም በኤሌክትሮን ነፋስ «ያፏጫሉ»፤ በሰከንድ 2,450 ሚሊዮን ጊዜ። ፉጨቱ የማይሰማ ሞገድ ነው። አንዱ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን 12 ያዙልኝ፤ በሩ ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ሞገዱ ምግቡ ላይ ሲደርስ ውሃውን ያገኛል። የውሃ ቅንጣት አንድ ጫፏ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ነው። ሞገዱ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር አብራ ትዞራለች። ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ። እስክስታ በሉት፤ እሱም የጎጃም እስክስታ። ከጎረቤቶቿ ጋር ትተሻሻለች፤ መተሻሸቱ ሙቀት ይሆናል። «2,450 የውሃ ብቻ ቁጥር ነው» የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የተተወ የሞገድ ክልል ስለሆነ ነው። ቅቤም፣ ስኳርም ይሞቃሉ። በረዶ ግን በደንብ አይሞቅም፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘዋልና መዞር አይችሉም። የቀዘቀዘ ሥጋ ዳሩ በስሎ መሃሉ ድንጋይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሌላም የተለመደ አባባል አለ፤ «ማይክሮዌቭ ከውስጥ ወደ ውጭ ያበስላል» የሚል። አያበስልም። ሞገዱ የሚገባው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ራሱ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ እንደማንኛውም ማብሰያ።

አሁን ወደ ዳቦው እንምጣ። ማይክሮዌቭ ብቻውን ዳቦ ቢሰጡት ምን ያወጣል? የገረጣ ነገር። የበሰለ፣ ግን የታመመ የሚመስል። ውሃ እያለ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ ብዙም አያልፍም። እዚህ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው ያለነው፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። የዳቦ ቅርፊት ቡናማ የሚሆነው፣ ያ የምንወደው ሽታ የሚመጣው፣ ወደ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሌላ እሳት ያስፈልጋል።

ድፎ ዳቦ እንዴት ይጋገራል? ሊጡ በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ምጣድ ላይ ይቀመጣል፣ ከታች እሳት አለ፣ ከላይም በክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። የላዩ ፍም ማለት ይህ ግሪል ነው። ኮንቬክሽን ደግሞ ድፎ የማያውቀው ነገር ነው፤ ነፋስ። እዚህ ከጀርባው ግድግዳ ኋላ ክብ የሚግል ሽቦ አለ፤ ከመሃሉ ማራገቢያ አለ። ማራገቢያው አየሩን ይስባል፣ በጋለው ሽቦ ላይ ያሳልፋል፣ በቀዳዳዎቹ መልሶ ወደ ምግቡ ይልከዋል። የሚንቀሳቀስ ትኩስ አየር ከቆመ ትኩስ አየር ይልቅ ፈጥኖ ያበስላል። በብርድ ቀን ነፋስ ሲጨመርበት እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ እንጅባራን የሚያውቅ ያውቃል። ያንኑ ገልብጡት።

ጥምር ምድጃ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ሞገዱ ውስጡን ቶሎ ያደርሳል፣ ትኩሱ አየር ላዩን ያስውባል። ዶሮ ሙሉውን ብታስገቡ ከተራ ኦቨን ባጠረ ጊዜ ቆዳው ቀልቶ ይወጣል። የዶሮ ወጥ ግን አይሆንም። ተስፋ አታድርጉ።

ሁለቱ አንድ ላይ ይሠራሉ ስንል ሁልጊዜ በአንድ ቅጽበት ማለት አይደለም። ማይክሮዌቩ ከመስመር 1,400 ዋት ገደማ ይስባል። የኮንቬክሽኑ ሽቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት ይሄዳል። ግሪሉ ሌላ 1,000 ይጨምራል። ሁሉም ባንድ ላይ ቢነሡ የቤት ሶኬት አይችላቸውም። ባለ 16 አምፔር ሶኬት በ220 ቮልት የሚሸከመው 3,500 ዋት ገደማ ነው፤ ያም ጤነኛ ከሆነ። ስለዚህ ብዙዎቹ የቤት ዕቃዎች ቦርዱ ላይ ባሉ ሪሌዮች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚታዘዙ ማብሪያዎች፣ ያፈራርቋቸዋል። ትንሽ ሞገድ፣ ትንሽ ነፋስ። «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ደንበኛ «ይንቋቋል፣ ተበላሸ» ብሎ ቢያመጣላችሁ አትክፈቱት። አስረዱት፣ መልሱት። ገንዘብ አትቀበሉት።

ጥምር ዕቃ ሲመጣ ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ወገን ነው የታመመው?» ነው። ይህን ለማወቅ ክዳን አይከፈትም። አንድ ሊትር ውሃ በተስማሚ ዕቃ አስገቡ። ከማስገባታችሁ በፊት ሙቀቱን ለኩ። በማይክሮዌቭ ብቻ፣ በሙሉ ኃይል፣ ልክ አንድ ደቂቃ አሠሩት። አማስላችሁ እንደገና ለኩ። የጨመረውን ዲግሪ በ70 አባዙ። የሚመጣው ውሃው ውስጥ የገባው ዋት ነው። 11 ዲግሪ ከጨመረ 770 ዋት ነው፤ ጥሩ ነው። 4 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ማግኔትሮኗ ደክማለች፣ ወይም ቮልቱ ወርዷል። መጀመሪያ የግድግዳውን ቮልት ለኩ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መስመሩ ወደ 180 የሚወርድበት ቤት አይቻለሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ እኛ ደግሞ የጣና በለስን ኃይል ማመንጫ ጎረቤት አድርገን ቮልት ይጠማናል። ማግኔትሮን ቮልቱ ሲቀንስ ጉልበቷ ከዚያ በበለጠ ይወድቃል። ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ስንቱ ማግኔትሮን ያለ ጥፋቱ ተቀይሯል!

የኮንቬክሽኑን ወገን ደግሞ ባዶውን በ180 ዲግሪ አሙቁትና የኦቨን ቴርሞሜትር አስገቡ። ማራገቢያው ይሰማል? ሙቀቱ ይነሣል? ተነሥቶስ ይቆማል? ሪሌዩ ተጣብቆ ከቀረ ሽቦው መጋሉን አያቆምም። ያኔ የሚያድነው የሙቀት መቁረጫው ነው፤ ይህቺ አዝራር የምታህል ነገር። አንዳንዱ ጠጋኝ «ይቺ ናት የምታስቸግረው» ብሎ በሽቦ ይዘላታል። በውጤቱ ማድ ቤቱ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። በቃል ማለቴ ነው።

ይህ ከባዱ ነገር ትራንስፎርመሩ ነው። 220 ተቀብሎ 2,000 ቮልት ገደማ ያወጣል። የኤሌክትሪክ ክስ የሚያጠራቅመው ካፓሲተርና ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ ተባብረው ቮልቱን እጥፍ ያደርጉታል፤ ወደ 4,000 ይጠጋል። ቤት ውስጥ ካለ ዕቃ ሁሉ ሰው በእጁ ሊደርስበት ከሚችለው ኤሌክትሪክ ይህን ያህል ገዳይ የለም። የድሮ ቴሌቪዥን ቮልቱ ከዚህ ይበልጣል፣ ግን አምፔር የለውም፤ ይመታህና ትሳደባለህ። ይህኛው ለመሳደብ ጊዜ አይሰጥም።

እኔ ሃያዎቹ ውስጥ ሳለሁ አንዱን ነቀልሁና ከፈትሁት። ነቅዬዋለሁ፣ ምን ይሆናል አልሁ። ፊውዙን ለማየት እጄን ሰደድሁ፣ የእጄ ጀርባ የካፓሲተሩን ጫፍ ነካ። ቀጥሎ የማስታውሰው መሬት ላይ ተቀምጬ መደርደሪያው ላይ የነበረው ዕቃ ሁሉ እላዬ ላይ ወድቆ ነው። ክርኔ ለሁለት ሳምንት አልታጠፈም። አሠሪዬ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለኝ። እኔ የለቀምሁት ብሎን ብቻ በመሆኑ ዕድለኛ ነኝ።

ካፓሲተሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ 10 ሜጋኦም ሬዚስተር አለ፤ ክሱን እንዲያፈስ የተቀመጠ ነው። ካፓሲተሩ 1 ማይክሮፋራድ ገደማ ነው። አባዟቸው፤ 10 ሰከንድ ይመጣል። ይህ ማለት ሬዚስተሩ ጤነኛ ከሆነ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ክሱ አለቀ ማለት ነው። ሬዚስተሩ ከተበጠሰስ? አይታይማ። ውስጥ ነው ያለው። ክሱም ይቀመጣል። እጄን ያላስገባሁት ለዚህ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተነቅሎ ማደሩ አያሳምነኝም፤ የሚያሳምነኝ ራሴ ማፍሰሴ ነው።

ሲፈስ እንዲህ ነው። መሰኪያው ፊታችሁ ይሁን። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። አንድ እጅ ወደ ኋላ ወይም ኪስ ውስጥ ይግባ፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ልብን አቋርጦ ነውና የሚያልፈው። ሬዚስተር የታሰረበት፣ በደንብ የተሸፈነ ሽቦ ተጠቀሙ። እሱ ከሌለ እጀታው ያልተሰነጠቀ፣ ረጅም ካቻቢቴ። መጀመሪያ የካፓሲተሩን ሁለት ጫፎች አገናኙ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ጫፍ ከቆርቆሮው ጋር። ከዚያ ድገሙት። በካቻቢቴ ከሆነ ሊጮኽ ይችላል፣ አትደንግጡ።

አሁን ስለ ቴስተር፣ ስለ ኤሌክትሪክ መለኪያችን። ዕቃው እየሠራ ከፍተኛውን ቮልት በቴስተር የሚለካ ሰው ካያችሁ ቴስተሩን ቀሙት። የኛ ቴስተር ጣሪያው ብዙ ጊዜ 1,000 ቮልት ነው። 4,000 ሲመጣበት እጃችሁ ውስጥ ይፈነዳል። አያስፈልግምም። ተነቅሎ፣ ፈስሶ፣ በኦም ብቻ ሁሉም ይታወቃል። የማግኔትሮኗ ሽቦ ከ1 ኦም በታች ታሳያለች። ከጫፏ ወደ ገላዋ ግን ምንም ማሳየት የለባትም፤ ካሳየች ሞታለች። የትራንስፎርመሩ መግቢያ ጥቂት ኦም፣ ከፍተኛው ወገን መቶ ኦም አካባቢ ነው። ዳዮዱ ላይ ግን ብዙ ልጅ ይሳሳታል። በተራ ቴስተር በሁለቱም አቅጣጫ «ተበጥሷል» ይላችኋል፤ ምክንያቱም ውስጡ ብዙ ዳዮድ በተከታታይ ስላለ የቴስተሩ ባትሪ አይከፍተውም። ባለ 9 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አስገቡ። በአንድ በኩል ካለፈ፣ በሌላው ካላለፈ ጤነኛ ነው። በዚህ የተነሣ የሚጣለው ደህና ዳዮድ ብዛቱ ያሳዝናል።

ዘመናዊዎቹ ከባድ ትራንስፎርመር የላቸውም፤ ያንኑ ሥራ በቦርድ የሚሠራ ኢንቨርተር ነው ያላቸው። ቀላል ናቸው ብላችሁ አትናቋቸው። እሱም ወደ 4,000 ያወጣል። በዚያ ላይ አንዳንዱ ላይ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣው ራሱ ፌዝ፣ ማለትም የመስመሩ ኤሌክትሪክ አለበት። እንዳትነኩት።

በሩ። የዚህ ዕቃ ነፍስ በሩ ላይ ነው። ያዙልኝ ያልኋችሁን 12 አውጡ። ሞገዱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የበሩ መስተዋት ላይ ያለው ወንፊት ቀዳዳው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። ብርሃን ያልፋል፣ እናንተ ዳቦውን ታያላችሁ፣ ሞገዱ ግን አያልፍም። በጨፈቃ አጥር ጫጩት ሊሾልክ ይችላል፤ በሬ ግን አይሾልክም። የበሩ ዙሪያ ላይ ደግሞ የሞገዱን ሩብ ያህል፣ ማለትም 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው የተሰወረ ቦይ አለ። ለማምለጥ የሚሞክረውን ሞገድ መልሶ ያጠፋዋል። ስለዚህ በሩ የጎበጠ፣ ማጠፊያው የላላ፣ ዙሪያው ቅቤ የተጋገረበት ዕቃ ለደንበኛ አይመለስም። ጥምር ምድጃ ላይ ይህ ይብሳል፤ በሩ እስከ 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት አጠገብ ይኖራልና።

ከበሩ ጀርባ ሦስት ማብሪያዎች አሉ። ሁለቱ በሩ ሲከፈት ኃይሉን ይቆርጣሉ። ሦስተኛው ሥራው ሌሎቹን መጠበቅ ነው። እነሱ ተጣብቀው ቢቀሩ መስመሩን ሆን ብሎ ሾርት ያደርግና ፊውዙን ያቃጥላል። ስለዚህ ደንበኛው «በሩን ስከፍት ፍዝዝ ብሎ ጠፋ» ካላችሁ ፊውዝ ቀይራችሁ አትላኩት። ሦስቱንም ማብሪያዎች ቀይሩ። ፊውዙ የሞተው እናንተን ለማስጠንቀቅ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ምግብ ቤት ሄድሁ። ምድጃው በደንብ አያሞቅም ብለው ጠሩኝ። በሩን ስከፍተው ማራገቢያው አልቆመም፣ የውስጡ ሳህን መዞሩን ቀጠለ። እጄ ሞቀ። በሩን ጠረቀምሁትና ነቀልሁት። ወጥ ሠሪዋን «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚሆነው?» አልኋት። «ሲከፈት አይቆምም፣ ይመቸናል፣ ቶሎ ቶሎ እያየን ነው» አለችኝ። የፊተኛው ጠጋኝ ሁለቱን ማብሪያዎች በሽቦ ዳይሬክት አድርጎ ሦስተኛውን ነቅሎታል። ልጅቱ በቀን ስንት ጊዜ ጎንበስ ብላ እንዳየችበት አስቡ። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ የደም ሥር የለውም፤ ሙቀት ሲገባበት የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም። ያንን ጠጋኝ አላውቀውም። ባውቀው ምን እንደምለው ግን አውቃለሁ፤ እዚህ መናገር አይገባም።

ፊውዝ በሽቦ የሚጠመዝዝም የሱ ወንድም ነው።

መሬት። ብዙ ቤቶቻችን ሶኬታቸው ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም የመሬት ሽቦው የትም አይደርስም። እዚህ ዕቃ ላይ ይህ ተራ ጉድለት አይደለም። የትራንስፎርመሩ ከፍተኛ ወገን አንዱ ጫፍ የሚመለሰው በቆርቆሮው በኩል ነው። ስለዚህ የትራንስፎርመሩ ብሎኖች መጥበቅ አለባቸው፣ ከሥራቸውም ቀለም ወይም ዝገት መኖር የለበትም። ከቆርቆሮው የተለየ ትራንስፎርመር እየሠራ ከሆነ ጠቅላላ አካሉ ከፍተኛ ቮልት ሊሸከም ይችላል። «ቤቴ ሌኬጅ ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ፣ አለኝ» የሚልም አለ። ይኑርህ፤ ጥሩ ነው፤ ግን ከትራንስፎርመሩ ማዶ ያለውን አያይም። ማዶ ያለው ሲመታህ ብሬከሩ ምንም አልተሰማውም።

ከፍታችንን ደግሞ አትርሱ። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ዝም ያለ ዕቃ ማርቆስ ላይ ሊፈነጥቅ ይችላል። ስለዚህ እዚህ አገር ጽዳት ጥገና ነው። ይህቺ ካርቶን የምትመስለው ሚካ ናት፤ ሞገዱ የሚገባበትን መስኮት ትሸፍናለች። ቅቤ የበዛበት ወጥ ይፈናጠርባታል፣ ይከስላል፣ የከሰለው ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ብልጭታ ይነሣል። ደንበኛው «ፈነዳ» ብሎ ያመጣዋል። ማግኔትሮኗ ደህና ናት፤ የተበላሸችው ሚካዋ ናት። በልኩ ቁረጡና ቀይሩ። በእውነተኛ ካርቶን የተካ አይቻለሁ፤ እሳቱን ራሱ አዘጋጀ ማለት ነው።

ስለ ማግኔትሮን አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቹ ላይ ያለው ሸክላ መሰል ቀለበት ቤሪሊየም ኦክሳይድ አለበት። ሳይሰበር ምንም አይደለም። ሲፈጭ ግን አቧራው ለሳንባ መርዝ ነው። ልጆች ማግኔቱን ለመውሰድ በመዶሻ ይቀጠቅጧታል። የሞተች ማግኔትሮን እንዳለች ትቀመጥ።

ለደንበኛ የምትነግሩት ሁለት ነገር አለ። የኮንቬክሽን ሥራ ካለቀ በኋላ ማራገቢያው የሚዞረው ሙቀቱን ከቦርዱ ለማራቅ ነው፤ እስኪቆም አይንቀሉት። በጥምር ሥራ ላይ ደግሞ አብሮት የመጣውን የብረት መደርደሪያ ብቻ ይጠቀሙ። የማይክሮዌቭ ፕላስቲክ ኮንቬክሽን ውስጥ ይቀልጣል። ለኦቨን የሚሆን ተራ የብረት መጥበሻ ደግሞ ሞገዱ ላይ ይፈነጥቃል። አንዱ ቆርቆሮ ሁለት ጠባይ አለውና።

ጥያቄ ተነሣ። አንዱ ልጅ፦ «ጋሼ፣ የሞተ ምድጃ ትራንስፎርመር አውጥተን ብየዳ ብንሠራበትስ?»

ሰምቻለሁ፣ ቪዲዮውን እኔም አይቻለሁ። ከፍተኛው መጠምጠሚያ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ወጥቶ በወፍራም ሽቦ ከተተካ ቮልቱ ትንሽ ነው። ሳይወጣ እንጨት ላይ ጌጥ እናቃጥላለን የሚሉት ግን በዓለም ላይ ሰው ገድሏል። 2,000 ቮልት በእጅህ ይዘህ ጌጥ አይሠራም። እኔ ሱቅ ውስጥ አይደረግም።

ሌላዋ ልጅ፦ «ስልክ ውስጥ አስገብተን ደውለን ከጠራ ሞገድ ያፈስሳል ይባላል። እውነት ነው?»

አይደለም። ስልክ በጣም ደካማ ምልክት ሊይዝ ይችላል፤ የሞገዱም ዓይነት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ጤነኛ ምድጃ ውስጥም ሊጠራ ይችላል። የተፈቀደው መጠን ከበሩ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 5 ሚሊዋት ነው። ይህን የሚያውቀው ለዚሁ የተሠራ መለኪያ ብቻ ነው። ስልካችሁን ምድጃ ውስጥ አታስገቡ። አንድ ቀን አንዱ ይረሳውና ያበራዋል።

ከኋላ የተቀመጠው፦ «ጋሼ፣ የሆቴሉ ምድጃስ? ዳቦ የማይጋግረው?»

ደግ ጠየቅህ። የውሃውን ፈተና ትናንት ሠርቸዋለሁ፤ 10 ዲግሪ ጨምሯል። የሞገዱ ወገን ደህና ነው። ኮንቬክሽን ላይ ሳደርገው ሽቦው ይግላል፣ ማራገቢያው ግን አይሰማም። በጣት ሲገፋ ይዞር እንደሆነ ማየት አለብን። ደርቆ ይሆናል፣ ወይ ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ወይ ደግሞ ያ ባለ አራት ብሎኑ ሰውዬ ማገናኛውን ሳይሰካው ረስቶት ነው። ና፣ አንተው ፈትሸው። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?

«ካፓሲተሩን አፈሳለሁ።»

ከዚያ በፊትስ?

ልጁ ዝም አለ። ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ገመዱን በዓይኑ ከጀርባው እስከ ጫፉ ተከተለው፣ መሰኪያውን አንሥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሰዓቱን አወለቀ።

በል ቅረብ አልሁት።